«አሸነፍን» የሚለው ቃል የማን ነው?

ለዚህ ዕትም ያሰናዳነው ጽሑፍ ስለ ትዕግሥት ነበር። ግማሹ ተጽፎ ሳለ እሁድ ዕለት ከቡናው ቤት ጠብ ተነሣ፤ ጽሑፉንም ተውነው። ስለ ትዕግሥት የሚጽፉ ሰዎች ያንን ጠብ ማብረድ በተገባቸው ነበር፤ እኛ ግን ስኒያችንን ይዘን ዝም ብለን ተቀመጥን። ስለዚህ በትዕግሥት ፈንታ ያጣላንን ነገር እንመርምር። ያጣላን ደግሞ አንድ ቃል ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። እዚህ ካኩማ የከረመ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጀሪካኖቻችንን ሞልተን ካስገባን በኋላ እትዬ ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ወጣቶቹ ግን ከዚያ በፊት ቪዲዮ ቤት ገብተው የእንግሊዝን እግር ኳስ ሳያዩ አይመጡም። ያን ዕለት አንዱ ወጣት የአርሴናልን ማሊያ እንደለበሰ ገና ከበሩ ሳያልፍ «አሸነፍን!» ብሎ ጮኸ። ከምድጃው አጠገብ የሚቀመጡ፣ ሁላችንም አቦይ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ ፈገግ አሉና «ማንን አሸነፋችሁ ልጄ? ለመሆኑ ለንደን በየት በኩል ናት?» አሉት። ቤቱ ሣቀ፤ ወጣቱም አብሮ ሣቀ። አቦይም ሣቁን አይተው ቀጠሉ። «እኛም አንድ ቀን አሸንፈናል። ጥር 13 ቀን 1954። ግብፅን፤ አራት ለሁለት» አሉ።

ወጣቱ ፊቱን ለወጠ። «እኛ ማለት ማን ነው አቦይ? እናንተ አገራችሁን ይዛችሁ ሄዳችኋል፤ ዋንጫውን እንኳ ተዉልን እንጂ!» አላቸው።

ጥቂቶች ሣቁ። ብዙዎቻችን አልሣቅንም፤ ነገር ግን አልተናገርንም። አቦይ አቦሉን ጠጥተው ነበር፤ ቶናው ገና እየፈላ ነው። ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ በቀስታ መለሱና «ቡናው ይባረክ» ብለው ወጡ። በረካ ሳይጠጡ ከዚያ ቤት የወጡበትን ቀን አናስታውስም። ይኸው ሦስት እሁድ ሆነ፤ በርጩማቸው ባዶዋን ናት።

በወጣቱ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። እሱ በተወለደ ጊዜ አባቱ በ1990 ዓ.ም. ወደ ተጀመረው የድንበር ጦርነት ዘምቶ ነበር፤ ከዚያም አልተመለሰም። አባቱን የሚያውቀው በአንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፉም በስደት መንገድ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ልጅ ከአስመራ የመጡ ሽማግሌ «እኛ» ሲሉ ቢሰማ ቃሉ እንደ እሾኽ ቢወጋው አይገርምም። የምንመረምረው ወጣቱ ለምን እንደ ተናደደ አይደለም። የምንመረምረው እውነት ተናግሮ እንደ ሆነ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ራሱን እናስታውስ፤ ስለማያውቁት ነገር መጣላት ቀላል ነውና።

የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር የተጫወቱት አገሮች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ። አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተወገደች። ከእርስዋ ጋር ሊጋጠም የነበረው የኢትዮጵያ ቡድንም አንድ ኳስ ሳይመታ ለፍጻሜ አለፈ። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችው፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነበር። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ያችው ግብፅ ያንኑ 4 ለ 0 ደገመችው፤ ሱዳንም 1 ለ 0 ጨመረችበት። እንግዲህ በሁለት ውድድር፣ በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ ግብ ገባብን፤ እኛ አንድም አላገባንም። (ይኸው፣ ሳናስበው «ገባብን» ብለን ጻፍን። ከመካከላችን ያን ጊዜ የተወለደ አንድም ሰው የለም። ቃሉን ለመሰረዝ አስበን ነበር፤ ግን ይቆይ፤ ኋላ ያስፈልገናል።)

ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሆነ። አሁንም አራት አገሮች ናቸው፤ ከሃያ የሚበልጡ አገሮች ሲሰለፉ ማየት ለለመደ የዛሬ ሰው ትንሽ ድግስ ይመስለዋል። የዋንጫው ባለቤት ግብፅ፣ በዚያ ዘመን የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ የምትባለው፣ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 ረታች። እሁድ ጥር 13 ቀን ሁለቱ ተገናኙ። ሁለት ጊዜ አራት ለዜሮ የተመታ ቡድን ለሦስተኛ ጊዜ ከመቺው ጋር ማለት ነው።

ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ ቀድማ አገባች። ኢትዮጵያ ያንን ለመመለስ እስከ 74ኛው ደቂቃ ለፋች፤ በመጨረሻም መለሰች። እልልታው ሳይበርድ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ያው የፊተኛው ግብ አግቢ ባደዊ ሁለተኛውን አገባ። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ከመጀመሪያው ቁስል ይልቅ ዳነ ብለው ሲያስቡ የሚያገረሽ ቁስል ይከፋልና። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ካፒቴኑ ሉቻኖ ቫሳሎ አስተካከለ፤ ሁለት ለሁለት። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨምሮ ነገሩን ዘጋው። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ዋንጫውንም ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አግኝታ አታውቅም።

ሁለቱ ወንድማማቾች የአስመራ ልጆች ናቸው። እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣልያናዊ ወታደር ነበር። የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ሕግ ጣልያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ የኔ ነው ብሎ በስሙ እንዳያስጠራ ከልክሎ ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያን ዋንጫ ያነሣው እጅ፣ የአባቱ መንግሥት በሕግ «ከእኛ አይደለህም» ያለው ልጅ እጅ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሌሎችም የአስመራ ልጆች ነበሩ።

አሁን ደግሞ ቀኑን በዘመኑ ውስጥ እናስቀምጠው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተቀላቅላ ነበር። በኤርትራ የትጥቅ ትግል መጀመሪያ የሚባለው ተኩስ የተሰማው ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ ከፍጻሜው ጨዋታ አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው፤ ከጨዋታው አሥር ወር ሳይሞላ በኋላ። ያ እሁድ በሁለቱ መካከል የዋለ ነው። ከዚያ የተከተለውን እናውቃለን፤ የሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ በ1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔና ነጻነት፣ ከዚያ ደግሞ የወጣቱን አባት የበላው ጦርነት።

ጥያቄው እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያልተጫወተ ሰው «አሸነፍን» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሁለተኛ፣ ቤቱ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ያንን ቃል መናገር የሚገባው ማነው?

በመጀመሪያው ላይ በመካከላችን ክርክር ተደርጓል። ከጸሐፊዎቻችን አንዱ፣ ነገር ማቅለል የሚወድ፣ «የአነጋገር ልማድ ነው፤ ‹መሸብን› እንደማለት ነው፤ ማንም መሽቶብኛል ሲል ፀሐይን አጠለቅኋት ማለቱ አይደለም» አለ። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ነገር ግን አያስኬድም። ስለ ምሽት «የኛ ነው፣ የናንተ አይደለም» ተባብሎ የተጣላ ሰው የለምና። ሌላው ጸሐፊያችን ደግሞ ጠንከር አለ። «ስርቆት ነው። ያላበቸው ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ቀሪው በሰው ላብ የሚነግድ ነው» አለ። ይህ ለመመለስ ይከብዳል። በእውነትም «አሸነፍን» ከሚለው ሰው ዘንድ ብዙ ሌባ አለ። ቡድኑ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ይላል፤ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በኳስ ብቻም አይደለም የምናውቀው።

ሌባውን ከባለቤቱ የምንለይበትን ነገር ያገኘነው ግን ከአቦይ ከራሳቸው ነው። ታሪካቸውን ከጠቡ በፊት ብዙ ጊዜ ነግረውናል፤ ያን ጊዜ ልብ ብለን አልሰማነውም።

አቦይ በዚያ ጥር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከአስመራ አጎታቸው ዘንድ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ወደ ካምቦሎጆ ሄዱ፤ መግቢያ አልነበራቸውም። ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሙ። ስለዚህ ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ያዩት ነገር የለም፤ የሰሙት ብቻ ነው። እንደሚሉት፣ የኢትዮጵያ ግብ ጩኸት ነበር፤ የግብፅ ግብ ዝምታ ነበር። «ሁለት ዝምታ፣ አራት ጩኸት» እያሉ በጣታቸው ይቆጥሩልናል። ከሁሉ የከፋው ሁለተኛው ዝምታ ነበር ይላሉ። የመጀመሪያው ጩኸት ገና በጆሯቸው እያለ ድንገት ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አጠገባቸው ቆሞ የነበረ አንድ የሊስትሮ ልጅ እጃቸውን ያዘ። አይተዋወቁም። አቦይ ትግርኛ ነው የሚያውቁት፤ ልጁም ከገጠር የመጣ ነው፤ «አማርኛ ለሁለታችንም ገና ውሰት ነበር» ይላሉ። ልጁ አራተኛው ጩኸት እስኪሰማ እጃቸውን አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ በግርግሩ ተለያዩ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቁትም።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሁለቱ ልጆች እጅ ለእጅ የተያያዙት በጩኸቱ ጊዜ አልነበረም፤ በዝምታው ጊዜ ነው። በጩኸቱ ጊዜ ማንም ከማንም ጋር ይተቃቀፋል፤ እሱ ዋጋ የለውም። «አሸነፍን» የማለት መብት የሚገዛው «ተሸነፍን» በማለት ነው የምንለውም ለዚህ ነው። የካርቱሙን አራት፣ የካይሮውን አራት «ገባብን» ብሎ የተቀበለ ሰው የአዲስ አበባውን አራት «አገባን» ቢል ሌባ አይባልም፤ ቀድሞ ከፍሏል። ታናሽ የተባለ ቡድን ታላቁን ሲያሸንፍ ደስታው የተለየ የሚሆነውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለናል። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ቡድን ደጋፊ ደስ ሊለው ይችላል፤ የከፈለው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ሚዛን ወጣቱንም መዝነነዋል። የለንደኑ ቡድን የሱ ነውን? መጀመሪያ እኛም እንደ አቦይ ሣቅን። ነገር ግን አርሴናል በተሸነፈ ማታ ራት ሳይበላ እንደሚተኛ ጎረቤቱ ነግሮናል። በራሽን የምንኖር ሰዎች ራት መተው ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ፈረድንለት፤ «አሸነፍን» ይበል፤ ይገባዋል። አንድም ቀን ያላያት ከተማ ቡድን ለሱ «እኛ» ከሆነ ግን፣ ከአጥሩ ሥር የቆሙት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በምን ሕግ «እነሱ» ይሆናሉ?

ወደ ወጣቱ ሄደን ይህንኑ ነገርነው። ሞኝ አይደለም፤ መልስ ነበረው። «ያን ጊዜ ከኛ ጋር ነበሩ እንበል። ኋላ ግን በድምፃቸው ወጥተዋል። ከማኅበር የወጣ ሰው የዕቁቡን ገንዘብ ይጠይቃል?» አለን።

አስበንበታል። ዕቁብ የወጣ ሰው የወደፊቱን ዕጣ አይጠይቅም፤ እውነት ነው። ነገር ግን አብሮ ሲጥል በነበረበት ጊዜ የደረሰውን ዕጣ መልስ የሚለው ዳኛ የለም። ባልና ሚስት ሲፋቱ ቤት ይከፈላል፣ ከብት ይከፈላል፤ አብረው የወለዱት ልጅ ግን የአንዳቸው ብቻ አይሆንም። ጥር 13 እንዲህ ያለ ልጅ ነው። የአቦይ «እኛ» የፓስፖርት ቃል አይደለም፤ ዛሬ የማን ዜጋ ነኝ የሚል ጥያቄ አልመለሱም፤ ያን ቀን ከማን ጋር ቆሜ ነበር የሚለውን ነው የተናገሩት። ያለፈ ቀን ደግሞ በማናቸውም ድምፅ አይሻርም።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ግን ሁለት ዐይነት ሰዎች ከኛ ጋር ተስማማን ብለው እንዳይሄዱ እንሰጋለን።

አንደኞቹ ቆጣሪዎቹ ናቸው። በዚህ ካምፕ ውስጥ በሁለቱም ወገን አሉ። ከተሰላፊዎቹ ስንቱ የአስመራ፣ ስንቱ የአዲስ አበባ እንደ ነበር እየቆጠሩ ዋንጫውን እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመድባሉ። ሁለት ግብ የቫሳሎ ልጆች፣ አንድ የመንግሥቱ እያሉ። ኳሱ ግን ከእግር ወደ እግር ሲሄድ የትውልድ አገር እየጠየቀ አልሄደም። በ1949 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾቿን በቆዳ ቀለም ከፋፍላ ልላክ ስትል «አይሆንም» ካሏት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ይድነቃቸውም ኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሩ ከዚያ አቋም አልተንቀሳቀሱም። የዚያን ቡድን ልጆች ዛሬ በዘር ከፍሎ መቁጠር ለሙታኑም ነውር ነው።

ሁለተኞቹ ይበልጥ ያስቸግሩናል፤ ብዙ ጊዜ እኛው ነንና። እነዚህ «አያችሁ፣ ሁላችንም አንድ ነበርን፤ ፍቅር ነበር» የሚሉ ናቸው። ዋንጫውን እንደ መጋረጃ ይዘረጉታል፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው እንዳይታይ። አሥር ወር ሳይሞላ የፈረሰው ፌዴሬሽን፣ የተቃጠሉት መንደሮች፣ ከሁለቱም ወገን ያለቀው ልጅ ሁሉ በአንድ እሁድ ጩኸት አይሸፈንም። በዚህ ጊዜ አነጋገራችንን ልብ ብላችሁታል? ዋንጫውን ስናወሳ «አሸነፍን» እንላለን። ጦርነቱን ስናወሳ «ንጉሡ አደረጉት»፣ «ደርግ አደረገው»፣ «እነ እገሌ አደረጉት» እንላለን። ለክብሩ «እኛ» አለን፤ ለጥፋቱ «እነሱ» አለን። ቅድም ሌባ ብለን የሰደብነው ደጋፊ፣ ሲያሸንፉ «አሸነፍን» ሲሸነፉ «ተሸነፉ» የሚለው፣ ይኸው ከኛ ቤት ወጣ።

አባቶቻችን ርስትን ከግብሩ ለይተው አያውቁም ነበር። ርስት አለኝ ያለ ግብሩን ይከፍላል፤ ግብሩን አልከፍልም ካለ ርስት አለኝ አይበል። ያልተወለድንበትን ድል «የኛ» ብለን በውርስ ከወሰድን፣ ያልተወለድንበት ግፍም ደጃችን ላይ ቆሞ «የኔስ?» ማለቱ አይቀርም።

በዚህ ላይ ከመካከላችን ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል። «ጥፋት በደም አይወረስም። አባት ለበላው የልጅ ጥርስ አይወድቅም። እንዲያውም ስደተኛ ያደረገን ይኸው በደም መፈራረድ አይደለምን?» ተባለ። ትክክል ነው። ማንንም ባልሠራው ሥራ ጥፋተኛ አንልም። ነገር ግን ያ ሚዛን ከሆነ ለክብሩም ይሥራ፤ እኛ ያላገባነው ግብ እኛን አያስመሰግነንም። ምስጋናውም ወቀሳውም የሞቱት ነው። ለኛ የተረፈን አንድ ነገር ብቻ ይመስለናል፤ ታሪኩን ስንናገር ሙሉውን መናገር። ጥር 13ን የሚናገር አፍ ኅዳር 5ንም ይናገር። ይህ ዕዳ ቀላል መስሎን ነበር፤ እሁድ ዕለት ግን በቡናው ቤት ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ሊከፍለው አልቻለም።

ስለ ካፒቴኑ መጨረሻ ለወጣቱ የነገርነው ያን ጊዜ ነው። አያውቅም ነበር። ሉቻኖ ቫሳሎ እ.ኤ.አ. በ1978 በደርግ ዘመን ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ተሰደደ። ዋንጫውን ያነሣው ሰው እንደ ማናችንም ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በኢጣልያ፣ ልጅ ሳለ በሕግ በገፋው በአባቱ አገር ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው በስደት ዐረፈ። ሲሸሽ «አሸነፍን» ብለው በእልልታ ካቀለጡት ሰዎች ስንቱ «ተሰደድን» አለ? ይህን ጥያቄ ለወጣቱ አልጠየቅነውም፤ እሱ ያን ጊዜ አልተወለደም። ለራሳችን ነው የጠየቅነው። እሱ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ዝም ብሎ «ስደተኛ ነበር በሉኛ» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ስለ አባቱ ምንም አላልነውም፤ የምንለውም የለንም። ይቅር በል አላልነውም፤ ያንን ለመጠየቅ ማን ነን? አንድ ነገር ብቻ አልነው። የአባትህ ደም የሚጠየቅ ዕዳ ነው፤ ግን ከአጥር ሥር የቆመን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለዚያ ዕዳ መያዣ አድርገህ አትያዝ። ሰምቶናል፤ መስማማቱን ግን አላወቅንም።

አሁን ስለ ራሳችን። ይህን ገጽ በእጃችን የምንጽፍ ሰዎች በየዕትሙ «እኛ» እያልን ነው የምንጽፈው። አንዳችን ከጎንደር ነን፣ አንዳችን ከወለጋ፣ አንዳችን ከዐሰብ፣ አንዱ እዚሁ ተወልዶ አገሩን በወሬ የሚያውቅ ነው። ይህ «እኛ» እስካሁን የተፈተነው ወረቀት ሲጠፋ፣ ቢክ ሲያልቅ ብቻ ነበር። እሁድ ዕለት በእውነት ተፈተነና ወደቀ። ሽማግሌው በእኛ መካከል፣ በእኛ ፊት «ከእኛ አይደለህም» ሲባሉ አንዳችንም «ከኛ ናቸው» አላልንም። ቶናው እንዳይቀዘቅዝ ፈራን። የሊስትሮው ልጅ ስማቸውን ሳይጠይቅ ያደረገውን፣ እኛ ስማቸውን እያወቅን፣ ስንት ዓመት ቡና አብረን ጠጥተን ማድረግ አቃተን። ዝምታው በሆነበት ሰዓት እጃቸውን የያዘ አልነበረም። ወጣቱ ቢያንስ ያመነበትን ተናግሯል። ስለዚህ በዚህ ነገር ከሱ ይልቅ እኛን የምንወቅስበት ምክንያት አለን፤ አቦይንም በዚህ ጽሑፍ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህ ዕትም እንደ ወትሮው በአምስት ቅጂ ተጽፏል። አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በእትዬ ቡና ቤት፣ አንዱ በጸሐፊዎቹ ዘንድ ይገኛል። አምስተኛውን፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ወጣቱ ለአቦይ እኔ ላድርስ ብሎ ወስዶታል። በትግርኛ ካልተጻፈ ያስቸግራቸዋል ስንለው፣ «አነብላቸዋለሁ» አለ። ትናንት ማታ ወደ እሳቸው ብሎክ ሲሄድ ታይቷል፤ ማሊያውን አልለበሰም ነበር። እስካሁን ወሬ የለንም። እትዬ ግን ዛሬ ጠዋት በርጩማዋን ወልውላ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣታለች።